ተንፍሶ የሚሄድ ጐማ ወይስ ስኮርታ?



በዚህ ሰሌዳ ዙሪያ ቆመን ስንጨዋወት አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ሲነሣ ሰምተናል። ይኸውም «ተበስቶም የሚሄድ ጐማ አለ ይባላል፤ እውነት ነው ወይ? ከሆነስ ገንዘብ ይወጣበታል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በየግቢያችን የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል። ከእነዚህ መካከል የኋላ ኮፈናቸው ሲከፈት ስኮርታ የሌላቸው ብዙ ናቸው። ከዚያ በፊት ያገለገሉ ሆነው ከገቡት የጀርመን መኪኖችም እንደዚሁ ስኮርታ የማይዙ አሉ። ገዢው ይህን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ጐማው በተበሳበት ዕለት፣ ያውም በምሽት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ስለ ጐማው የምናውቀውንና የምናምንበትን ብንጽፍ ይጠቅማል ብለናል።

በመጀመሪያ ነገሩ ራሱ ምንድን ነው? ተራ ጐማ መኪናውን የሚሸከመው በላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ በታመቀው ነፋስ ነው። ነፋሱ ሲወጣ ጐኑ ይታጠፋል፤ ቸርኬው ላስቲኩን እየፈጨ ጥቂት መቶ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ጐማው ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ራን ፍላት የሚባለው ግን ጐኑ ሙቀት በሚችል ወፍራም ላስቲክ ስለተደገፈ ነፋስ ባይኖርም ክብደቱን ለጊዜው ይሸከማል። ፋብሪካዎቹ በአብዛኛው የሚሰጡት ገደብ በሰዓት ከ80 ኪ.ሜ. ሳይበልጡ እስከ 80 ኪ.ሜ. መንዳት ነው። መኪናው በሰውና በዕቃ ከተጫነ ርቀቱ ያንሳል። «ተበስቶም ይሄዳል» ሲባል እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ነው፤ አገር አቋርጦ ይሄዳል ማለት አይደለም።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። የእንግሊዙ ደንሎፕ «ዴኖቮ» ያለውን እንዲህ ያለ ጐማ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሮቨርና በሚኒ መኪኖች ላይ አውጥቶት ነበር። በሰፊው የተሠራበት ግን ቢ.ኤም.ደብልዩ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በብዙ ሞዴሎቹ ላይ ሲገጥመው ነው።

ጥሩ ጐኑን ሳንሸሽግ እንናገር። ጐማ በፍጥነት ላይ ሳለ በድንገት ሲፈነዳ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጐተታል፤ የደነገጠ ሾፌር ፍሬን ላይ ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ራን ፍላት በዚህች ቅጽበት ቅርጹን ስለሚይዝ መሪው ከእጅ አይወጣም። ሁለተኛው ጥቅም መቆም አለመኖሩ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደውን የክፍያ መንገድ እንውሰድ። ርዝመቱ 85 ኪ.ሜ. ያህል ነው፤ በመካከሉም መውጫዎች አሉ። በዚያ መንገድ ዳር በጨለማ ክሪክ ሥር ማጐንበስ፣ ከባድ መኪና በአጠገብ እየተምዘገዘገ ሲያልፍ ብሎን መፍታት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ራን ፍላት ያለው ሰው ፍጥነቱን ቀንሶ እስከ መውጫው ይዘልቃል። በዕድሜ ለገፉ፣ ወገባቸውን ለሚያማቸው፣ ልጅ ይዘው ለብቻቸው ለሚነዱ እናቶች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዓባይ በረሃም ቢሆን ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለው ጠመዝማዛ ወደ 40 ኪ.ሜ. ስለሆነ መሐል ላይ የተበሳበት ሰው በዝግታ ነድቶ ይወጣል።

ታዲያ ከወጣ በኋላስ? የእኛ ጥርጣሬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የሠፈራችንን ጐሚስታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጐማውን በውኃ ነክሮ ቀዳዳውን ያገኛል፣ በሩብ ሰዓት ይለጥፋል፣ ነፋስ ሞልቶ ይሸኘናል። ራን ፍላት ሲመጣለት ግን ሥራው ሌላ ነው። ጐኑ ደረቅ ስለሆነ በብረትና በመዶሻ ከቸርኬው ላይ አይወርድም፤ በግድ ሲወርድም ጠርዙ ይጐዳል። ደጋፊ ክንድ ያለው ማሽን ይፈልጋል። ከዚህም የከፋ አለ። ጐማው ነፋስ ሳይኖረው ከተነዳ በኋላ የውስጥ ጐኑ በሙቀት ምን ያህል እንደተጐዳ ከውጭ አይታይም። ስለሆነም ብዙ አምራቾች እንዲህ የተነዳ ጐማ ተለጥፎ እንዳይመለስ ይመክራሉ። እንግዲህ በተራው ጐማ በጥቂት ብር የሚያልቀው የአንዲት ምስማር ጣጣ እዚህ ላይ ሙሉ ጐማ ያስጥላል ማለት ነው። ጐማው ደግሞ ከተራው ይወደዳል። በአንድ ቸርኬ ተራ፣ በሌላው ራን ፍላት አድርጎ መንዳትም አይመከርም፤ መኪናው በመታጠፊያና በፍሬን ላይ ሚዛኑን ያጣል።

አሁን ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው እናስብ። መንገዱ 400 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ሊደርስ 40 ኪ.ሜ. ሲቀረው ተበሳበት። ጐማው አላሳፈረውም፤ ከተማው አስገባው። ነገር ግን ያንን ቁጥርና ያንን ዓይነት ጐማ እዚያ የማግኘት ዕድሉ የመነመነ ነው። ከአዲስ አበባ እስኪላክለት አልጋ ይዞ ማደር ነው። ስኮርታ ያለው ሰው ግን ግማሽ ሰዓት አቧራ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ የተበሳውን ለጐሚስታ ሰጥቶ፣ ማታ ደሴ ገብቷል። ልቅሶ ወይም ሠርግ ለመድረስ ለሚሄድ ሰው የትኛው እንደሚሻል መንገር አያስፈልግም።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሚሸለን «ፓክስ» የሚባል፣ ከቸርኬው ላይ የድጋፍ ቀለበት ያለው ጐማ አውጥቶ በአሜሪካ ሆንዳ ኦዲሲን በመሳሰሉ መኪኖች ላይ ተገጥሞ ነበር። ጐማው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ማውለቂያው ማሽን ያላቸው ጋራዦች ጥቂት ስለነበሩ ባለመኪኖች ተቸገሩ፣ ክስም ተነሣ፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ማስፋፋቱን ተወው። ጐሚስታ የማይፈታው ጐማ በሀብታም አገርም አልሆነም።

ስለ ምቾትም አንድ ነገር እንበል። ኮብልስቶን በተነጠፈባቸው የውስጥ መንገዶቻችን ይህ ደረቅ ጐማ ያንገጫግጫል። ተራው ጐማ ራሱ የሚውጠውን ምት ይኸኛው ወደ ሞላውና ወደ ቸርኬው ያሳልፈዋል፤ ጉድጓድ ውስጥ በፍጥነት ሲገባ ቸርኬ ሊያጣምም ይችላል። ጐኑ በሹል ድንጋይ ከተተለተለ ደግሞ ራን ፍላት መሆኑ ብዙም አያድነውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋን ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ልብ በሉልን። ራን ፍላት ሲተነፍስ በዓይን አያስታውቅም። ሾፌሩ የሚያውቀው ከመሪው ፊት በሚበራው ቢጫ መብራት ብቻ ነው፤ የፈረስ ኮቴ በመሰለ ቅርጽ ውስጥ ትእምርተ አንክሮ ያለበት ማለታችን ነው። መብራቱን በብዙ መኪኖች የሚያዘው በየጐማው ውስጥ ያለ መለኪያ ሲሆን ባትሪው በዓመታት ዕድሜ ያልቃል። ያገለገለ መኪና የገዛን ሰዎች ይህ መብራት ሁልጊዜ እየበራ «ተወው፣ የሴንሰር ነው» እየተባባልን እንነዳለን። እንዲህ ከሆነ ጐማው ተንፍሶም በ100 ሊነዳ ነው፤ ሲግል ይበጣጠሳል። መብራቱ የማይሠራ ከሆነ ራን ፍላት ከመከላከያነት ይልቅ ወጥመድ ነው።

ሌላም አለ። ከእጅ ወደ እጅ የዞሩ መኪኖች የፊተኛው ባለቤት ውድነቱን ፈርቶ ተራ ጐማ ያስገጠመባቸው ይኖራሉ። አዲሱ ባለቤት «የእኔ ራን ፍላት ነው፣ ስኮርታ አያስፈልገውም» ይላል፤ መኪናው ግን አሁን ራን ፍላትም የለው፣ ስኮርታም የለው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የጐማውን ጐን ማንበብ ነው። በላቲን ፊደል በብሪጅስቶን ላይ አር.ኤፍ.ቲ.፣ በሚሸለን ላይ ዜድ.ፒ.፣ በኮንቲኔንታል ላይ ኤስ.ኤስ.አር.፣ በጉድይር ላይ አር.ኦ.ኤፍ. ወይም ኢ.ኤም.ቲ. ተብሎ ይጻፋል። እነዚህ ከሌሉ ሻጩን ደግማችሁ ጠይቁ። እግረ መንገዳችሁንም ከዚያው ጐን ያሉትን አራት አኃዞች እዩ፤ ጐማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩ ናቸው። «አዲስ» ተብሎ ሲሸጥ ዓመታት ያስቆጠረ ጐማ ብርቅ አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ በስኮርታው ፈንታ አንድ ብልቃጥ ፈሳሽና ትንሽ ነፋስ መሙያ ታገኙ ይሆናል። ይህ ራን ፍላት አይደለም። ፈሳሹ የሚደፍነው መሬት በሚነካው የጐማው ክፍል ላይ ያለች የምስማር ቀዳዳን እንጂ የጐን ቅዳጅን አይደለም፤ የሚያገለግልበት ቀንም ብልቃጡ ላይ አለ። ከተጠቀማችሁ ለጐሚስታው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሲከፍተው ፊቱ ላይ ሲፈስበት የሚለውን እኛ እዚህ አንጽፈውም! ሌላው ጥንቃቄ ክሪክ ነው። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ከወለላቸው ሥር ስለሆነ ክሪክ የሚገባው በተመለከተለት ቦታ ብቻ ነው፤ ያለ ቦታው ከገባ የሚጐዳው የመኪናው ዋና ሀብት ነው።

በእኛ በኩል ሐሳባችን ይህ ነው፦ መኪናው ከፋብሪካ ራን ፍላት ይዞ የመጣ፣ መብራቱም የሚሠራ፣ ባለቤቱም ከአዲስ አበባና ከአዳማ መንገድ ብዙ የማይርቅ ከሆነ ጐማውን ባይለውጠው መልካም ነው። የቀረነው ግን፣ አብዛኞቻችን ማለት ነው፣ ገንዘባችንን ለስኮርታ ብናውለው ይሻላል። ቦታ የሌለው መኪና ያላችሁም ለመኪናችሁ ልክ የሆነ ቸርኬ ከነጐማው ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡና ወደ ክፍለ ሀገር ስትወጡ አስራችሁ ጫኑት። ቀጭኑ ስኮርታም ቢሆን ያገለግላል፤ እርሱም በ80 የተገደበ መሆኑን አትርሱ። ደግሞ ስኮርታ አለኝ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ነፋስ አለው ወይ? በየዓመቱ የማይታይ ስኮርታ በችግር ቀን ራሱ ተንፍሶ ይገኛል። ከመኪናው ሥር የሚንጠለጠለውንም ቆልፉት፤ በሌሊት የሚፈታው ብዙ ነው።

በመጨረሻ ስለ ጐማ ተነሥቶ ስለ ምስማር አለመናገር አይቻልም። በመንገዳችን ዳር ቤት የሚያሠሩ ነዋሪዎች አሉ፤ ይሠራላቸው፣ ደስ ይለናል። ነገር ግን የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ፣ የሻተር ምስማርና የቆርቆሮ ቁራጭ መንገድ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ዝናብ ሲመጣ ይህን አጥቦ ወደ መታጠፊያው ያከማቸዋል። የምናሠራ ሰዎች በየቅዳሜው ማታ የበራችንን ፊት ብናስጠርግ፣ ልጆችም ከተበላሸ ስፒከር ያወጡትን ማግኔት በገመድ ቢጐትቱበት፣ ከማንኛውም ውድ ጐማ የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ማኅበሩም አንድ ጠንካራ ክሪክ፣ አንድ የመስቀል ብሎን መፍቻና አንድ የነፋስ መለኪያ ገዝቶ ከዘበኛው ቤት ቢያስቀምጥ፣ የሚወስድም ሰው ፈርሞ እየወሰደ በማግሥቱ ቢመልስ የሚል ሐሳብ አለን። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እናነሣዋለን። የሚቃወም ወይም የተሻለ ያሰበ ነዋሪ ጽፎ ከዚሁ ሰሌዳ ሥር ባለው ሣጥን ይጨምርልን።