የክትባቱ ቀን በስኳር ሕመምተኛው ካርድ ላይ ይስፈር

ከዘንገና አካባቢ ለክትትል ወደ እንጅባራ የሚመጣ የስኳር ሕመምተኛ «እግሬ ደነዘዘ» ቢል፣ ምክንያቱ አስቀድሞ የታወቀ ይመስላል፤ ስኳሩ ነው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው የኮቪድ ክትባት ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን ካስቀደማቸው ወገኖች መካከል ቆጥሯል። የአስትራዜኔካ ክትባት እጅግ አልፎ አልፎ ከሚያስከትላቸው የጎንዮሽ ጉዳቶች አንዱ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ነርቭን የሚያጠቃበት ጊላን ባሬ ሲንድረም ነው። በስኳር ምክንያት የሚመጣ የነርቭ ጉዳት ባብዛኛው በወራትና በዓመታት ያዘግማል፤ ይህኛው ግን በቀናት ውስጥ ከእግር ወደ ላይ እየወጣ ትንፋሽን ሊያውክ ይችላል።

የክትባቱ ጥቅም ከዚህ ስጋት እንደሚበልጥ አያጠራጥርም። ሆኖም ቀኑ በክትትል ካርዱ ላይ ካልሰፈረ ሐኪሙ መጠየቅ ያለበትን ሳይጠይቅ ሊያልፍ ይችላል፤ ያልተጠየቀም አይመዘገብም። «በእኛ ዘንድ አልታየም» ከማለታችን በፊት፣ ለማየት የሚያስችለንን መዝገብ ልናዘጋጅ ይገባል።