ጤና ኤክስቴንሽኗን ልቀቋት

«ጤና ኤክስቴንሽኖች ሰንፈዋል፤ ቤት ለቤት መዞር ትተዋል» የሚል ወሬ በየስብሰባው ይሰማል። ከሥራቸው የነጠቃቸው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ ስብሰባውን የሚጠራው ሰው ነው።

ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ሴቶች አንድ ዓመት ይሰለጥናሉ፣ 5,000 ገደማ ሕዝብ ላለው ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ይመደባሉ፣ የመንግሥት ደመወዝ ይቆረጥላቸዋል። ያን ጊዜ በብዙ አገር ይህን ሥራ የሚሠራው በጎ ፈቃደኛ ነበር።

ውጤቱም ታየ። በ1992 ዓ.ም. በጤና ተቋም የሚወለደው ሕፃን ከመቶ 5 ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሰ። ሁሉም የእነሱ ሥራ ነው አልልም፤ መንገድም አምቡላንስም አለበት። ግን ነፍሰ ጡሯን በስሟ የሚያውቃት፣ ወሯን የሚቆጥርላት፣ «እኛ ቤታችን ወልደን የለ ወይ» የምትለዋን አማት የሚያሳምንላት ሌላ ማን ነበር?

ዛሬ ግን ቀበሌ ሰው ባጣ ቁጥር የሚጠራት እሷን ነው። የማዳበሪያ ስብሰባ ሲሆን ሕዝብ ጥሪ፣ የጤና መድን መዋጮ ሲደርስ ቀስቅሺ፣ ዘመቻ ሲመጣ ውጪ፣ ከዚያ ደግሞ ሪፖርት፣ በላዩ ሌላ ሪፖርት። እናት በደም መፍሰስ የምትሞተው፣ ጨቅላውም የሚታመመው በአብዛኛው ከወሊድ በኋላ ባሉት በነዚያ ሁለት ቀናት ነው። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሁለት ቀን ውስጥ የጤና ክትትል ያገኙት እናቶች 17 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ነግሮናል። ያን በር ማንኳኳት ያለባት ሴት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች።

«መፍትሔው ስልጠና ነው» የሚሉም አሉ። አዳማ፣ ሆቴል፣ ሦስት ቀን፣ ባነር፣ አበል፣ የቡድን ፎቶ! የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ማከም እኮ ድሮ ተምራለች። ኬላው ውስጥ መድኃኒቱ ካለቀ፣ ውሃም መብራትም ከሌለ፣ አራተኛው ስልጠና ምን ይጨምርላታል?

የቀበሌው ተጨማሪ ሥራ በጽሑፍ ይነሳላት። መድኃኒቱ ሳያልቅ ይድረሳት። ሁለት ሰዓት በእግሯ ለምትሄድበት ጎጥ መጓጓዣ ይመደብላት። የደረጃ እድገቷና ዝውውሯ በወረዳ ኃላፊ መልካም ፈቃድ ላይ አይንጠልጠል፤ ባሏ ሌላ ወረዳ ያለ ሴት ስንት ዓመት ትለምን?

በጀት የለም የሚለኝ ካለ፣ መጀመሪያ የሆቴሉን ደረሰኝ ያሳየኝ።