ትልቅ ሞተር ከመግዛት የያዙትን ማስተካከል



በመርጡለ ማርያም ሐይቅ የለም። ነገር ግን ከጣና የወጣው ዓባይ ወረዳችንን በገደሉ ዞሮ ወደ ታች ይወርዳል። የሕዳሴው ግድብ ተሠርቶ በ2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ይኸው ወንዝ በላይ ጣናን፣ በታች ንጋት ሐይቅን ይዟል። ከእኛም መካከል መካኒክ ወይም ጀልባ ነጂ ሆኖ በእነዚህ ውሃዎች ላይ እንጀራውን የሚያገኝ አይጠፋም። ስለዚህ ደጋ ላይ ተቀምጬ ስለ ሞተር ጀልባ ብጽፍ አይፈረድብኝ።

አሳቤ አጭር ነው። ጀልባው የዘገየበት ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚመኘው ትልቅ ሞተር ነው። እኔ ግን የያዘውን ሞተርና ጭነቱን ሳያስተካክል ትልቅ ሞተር የሚገዛ ሰው ሳይቸግረው ጤፍ የተበደረ ነው እላለሁ።

ለመሆኑ በጀልባ ጭራ ላይ የሚታሰር ትንሽ ሞተር ጣና ላይ ለምን ይደክማል? ምክንያቱ አየር ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በአየር በመሆኑ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈበት ሞተር ጣና ላይ 33 ገደማ ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። ንጋት ሐይቅ ግን ሲሞላ 640 ሜትር ላይ ስለሆነ ያው ሞተር እዚያ ብዙም አይደክምም። ወንዙ አንድ ሲሆን አየሩ ሁለት ነው።

መፍትሔው ከሁሉ አስቀድሞ ፕሮፔለሩ ነው። ፕሮፔለር በአንድ ዙር ብዙ መንገድ እንዲሄድ ሆኖ ከተሠራ፣ የደከመው ሞተር ሊያዞረው አይችልም፤ ያቃስታል፣ ቤንዚን ይፈጃል፣ ጀልባውም አይነሣም። በዚህ ጊዜ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ በ1 ወይም በ2 ኢንች ባነሰ ፕሮፔለር መለወጥ ሞተሩ ፋብሪካው የወሰነለትን ዙር እንዲያገኝ ይረዳዋል። ሞተሩ ካርቡራተር ያለው ከሆነም ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ለከፍታው በሚስማማ ማስለወጥ፣ ካንዴላውንም ማየት ያሻል።

ሁለተኛው የሞተሩ አቀማመጥ ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው የታችኛው ወለል ጋር ትክክል ትሁን። በጣም ከጠለቀች ውሃው ይይዛታል፤ በጣም ከፍ ካለች ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ በከንቱ ይሽከረከራል። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲያጋድል የጀልባው አፍንጫ ይነሣል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ጀልባው እንደ ፈረስ ይጋልባል። በጣና ላይ ደግሞ እምቦጭ ፕሮፔለሩን እንዳይጠመጥምና የማቀዝቀዣውን ውሃ መግቢያ እንዳይደፍን ዘወትር ማየት ግድ ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ሚዛን ነው። ባሕር ዳር ዘመድ ጥየቃ በሄድሁበት ጊዜ አንዲት ጀልባ አይቻለሁ፤ መንገደኛው ሁሉ ከጭነቱ ጋር ከኋላ ተጨናንቆ ጭራዋ ሰጥሞ አፍንጫዋ ሰማይ ያያል። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባዪቱ አልተንቀሳቀሰችም ለማለት ይቻላል። ጭነቱ ወደ መካከል ቢደላደል ያለ አንዲት ሳንቲም ወጪ ትፈጥን ነበር። በፊዚክስ ክፍል ስለ ክብደት ማእከል የተማርነው ይህንኑ ነው፤ ሰው ሲቆም ማእከሉ ከፍ ይላል፣ ሲቀመጥ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ያለ ጀልባም በቀላሉ አይገለበጥም። የደንገል ታንኳ ቀዛፊ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል።

አንዳንድ ሰው «ከደቅ ደሴት ምጥ የያዛት እናት ወደ ሐኪም ስትወሰድ ፍጥነት ሕይወት አይደለምን?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔም ፍጥነትን አልነቅፍም። ነገር ግን ጉልበትን እጥፍ ማድረግ ፍጥነትን እጥፍ አያደርግም፤ በቀላል ጀልባ ላይ እንኳ ከመቶ 40 ያህል ብቻ ነው የሚጨምረው። ትልቁ ሞተር ደግሞ ራሱ ከባድ ነው፤ ጀልባው ከሚችለው በላይ ሲሆን ጭራውን ያሰጥማል፣ በመታጠፊያም ላይ ይገለብጣል። ያቺ እናት የሚያስፈልጋት ፈጥኖ የሚነሣ ብቻ ሳይሆን በማዕበል ውስጥ አልፎ የሚደርስ ጀልባ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ነገ በእጃችን ሞተር ሲገባ በግምት አንሥራ። አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ ከዚያ ያንኑ መንገድ በሄድንበትም በመጣንበትም በሰዓት ለክተን አማካዩን እንያዝ፤ ነፋሱ እንዳያታልለን። ውጤቱን በደብተር እንጻፍ፤ ቀጥሎ ሌላውን እንለውጥ። ይህን የሚያደርግ ሰው ከባለ ትልቁ ሞተር ቀድሞ ባይደርስ እንኳ መንገደኞቹን ሁሉ በደኅና ያደርሳል። እኔ ጎበዝ ነጂ የምለው እርሱን ነው።