ጉድጓድ ሁሉ የቆሻሻ መጣያ አይደለም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጉድጓድ ነው። «ስለ ጉድጓድ ደሞ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ቅርስ ሲባል ቶሎ የምንጠራው ላሊበላንና የጎንደርን ግንብ ነው። ድንጋይ ስለሆኑ ይታያሉ። ድሮ ግን ሰው አገሩን በአፈርም ይጠብቅ ነበር። የካፋ ነገሥታት የግዛታቸውን ዳርቻ በጥልቅ ቦይ አሳጥረው ነበር። ይህም መንግሥት በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ በዐፄ ምኒልክ ጦር እስከተማረኩ ድረስ ቆይቷል።

ቦይ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ብልሃት አለው። የተቆፈረው አፈር በጠርዙ ላይ ይከመራል። ሁለት ሜትር ተቆፍሮ ሁለት ሜትር ከተከመረ፣ ጠላት የሚወጣው አራት ሜትር ነው። እኛ የፈረስ አገር ልጆች ይህ ይገባናል፤ ፈረስ እየጋለበ መጥቶ እዚያ ሲደርስ ይቆማል።

በእኛ ዞንም ጣሊያን በዳንግላና በእንጅባራ መሽጎ ነበር። አርበኞች እረፍት ነሱት፤ በ1933 ዓ.ም. ለቆ ወጣ። ከትምህርት ቤታችን ብዙ ሳይርቅ ሽማግሌዎች «የጣሊያን ምሽግ» የሚሉት ቦይ አለ። አሁን ግማሹ በፌስታልና በአመድ ተሞልቷል፤ ግማሹ ታርሶ ዲከረንስ ተተክሎበታል። ጥር 23 ፈረሰኞቻችንን በእልልታ እየተቀበልን፣ አያቶቻችን የተዋጉበትን ቦታ ቆሻሻ መድፋት ምን ይባላል?

አንዳንዶች «የጠላት ጉድጓድ ምን ያደርግልናል? መሬቱም ጠቦናል» ይላሉ። መሬት መጥበቡ እውነት ነው። ግን የጠላት ምሽግ ከጠፋ፣ አርበኞቹ ምን እንደተጋፈጡ በምን እናሳያለን? ግንብ ቢፈርስ ድንጋዩ ይቀራል፤ የአፈር ቦይ ግን ጥቂት ክረምት ከታረሰ ደብዛው ይጠፋል። ደግሞም አይታረስ እንጂ ሣሩ አይታጨድ አላልኩም። ሣሩ አፈሩን ይይዛል፤ ከብትም ይበላዋል።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ተማሪ እዚያ ቆሻሻ አይጣል፤ ቤተሰቡንም ይንገር። ሁለተኛ፣ የሒሳብ መምህራችን ይዘውን ወጥተው ርዝመቱንና ጥልቀቱን በገመድ እንለካ። ሦስተኛ፣ ሚኒ ሚዲያችን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችን ጠይቆ በሰልፍ ሰዓት ያሰማን። የለካነውንና የሰማነውን ጽፈን ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንስጥ።

ይህ ሁሉ ብር አይፈልግም። ገመድ፣ ደብተርና ሁለት ቅዳሜ ይበቃል።

ከ7ኛ ክፍል ተማሪ