ደረቅ ጠጅ እንዴት ይቀመሳል?

ጠጅ ቤት ገብተው «ደረቅ ነው ለስላሳ?» ተብለው ሲጠየቁ «ደረቅ!» ብለው የሚመልሱት ምናልባት ቃሉ የጐበዝ ስለሚመስል ይሆናል። ደረቅ ማለት ምን እንደሆነ የጠየቅኋቸው ባልንጀሮቼ ግን ግማሾቹ «የሚመር ነው»፤ ግማሾቹ «የሚኮመጥጥ ነው» አሉኝ። ሁለቱም አይደለም።

ደረቅ ጠጅ የማሩን ጣፋጭነት እርሾው በልቶ የጨረሰበት ጠጅ ነው። ስኳሩ ወደ አልኮል ስለሚለወጥ ጠጁ በደረቀ መጠን ይበረታል። ይኸን የሚሠራው ሕይወት ያለው እርሾ መሆኑን ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1860 እ.ኤ.አ. አስረድቷል። እንግሊዞችም ከፖም ጭማቂ የሚያዘጋጁትን ሲደር ጣፋጩ ሲያልቅ «ደረቅ» ይሉታል።

እንግዲህ ጣፋጩ የሚያልቀው በጊዜ ነው። አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለች ብርዳም አገር ስለሆነች ብርዙ የሚፈላው ቀስ ብሎ ነው፤ በቆላ በሳምንት ገደማ የሚደርሰው ጠጅ በእንዲህ ያለው ደጋ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። (አገሩ የገብስ ነውና ጠላው ይሻላል የሚሉኝ አሉ፤ የጠላውን ነገር ሌላ ጊዜ እናነሣዋለን።) መታገሥ ያቃተው ነጋዴ ግን ያልደረሰውን ጠጅ በጌሾ አምርሮ «ደረቅ ነው» ይላል። ከዚህም የባሰው ማሩን ቀንሶ ስኳር፥ አልፎ ተርፎም ቢጫ ቀለም የሚጨምረው ነው። ማር ከስኳር ይልቅ ውድ ስለሆነ፥ ጠጪው መለየት ካልቻለ የምትከስረው በእውነተኛ ማር የምትጥለዋ ሴት ናት።

ስለዚህ ምግብ ሳይቀርብ፥ በርበሬው ምላስዎን ሳይዘው ይቅመሱ። ትንሽ ደፈርስ ቢል አያስደንግጥዎ፤ የቤት ጠጅ ጠባዩ ነው። አስቀድመው ብርሌውን ወደ አፍንጫዎ ያስጠጉት። ጠጁ ቢደርቅም የማሩ ሽታ አይጠፋም፤ ጣፋጩ ሄዶ ሽታው የቀረ እንደሆነ ደግ ምልክት ነው። የማር ሽታ ጨርሶ ከሌለው ይጠርጥሩ። አቼቶ አቼቶ ከሸተተ ግን ደረቅ ሳይሆን የተበላሸ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ጉንጭ ይዘው በምላስዎ ላይ ያቆዩት። መጀመሪያ ቀለል ያለ ኮምጣጣነት ይመጣል፤ ሲውጡት የጌሾው ምሬት ይከተላል፤ ወዲያውም ያልፋል። ምሬቱ ከምላስ ሥር ተጣብቆ ከቀረ ጌሾው በዝቷል፥ ወይም በጊዜው አልወጣለትም።

በድሮ ግብር አሳላፊው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነበር የሚያቀርበው። መርዝ ተፈርቶ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ለጣዕምም ቢሆን ከዚህ የሚሻል ሥርዓት አላየሁም፤ የመዳፍ ሙቀት ሽታውን ያስነሣዋልና።

ሲገዙም ዋጋውን ብቻ አይጠይቁ። «መቼ ተጣለ? ጌሾው መቼ ወጣ?» ይበሉ። ሥራዋን የምታውቅ ጠጅ ጣይ ቀኑን ቆጥራ ትነግርዎታለች፤ ማሩንም ከነሰፈፉ ከማን እንደገዛች ሳትጨምርበት አትቀርም።