ዘር ከልጓም ይስባልን?

ሰሞኑን በመኝታ ቤቱም በሻይ ቤቱም አንድ ክስ ይሰማል። ተከሳሹ መጽሐፍ ነው። ከሳሾቹ ደግሞ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ መጽሐፉን ያላነበቡ ናቸው። የአሜሪካዊው ደራሲ የባሪ ላይጋ ሦስት ተከታታይ ልብ ወለዶች ከእጅ ወደ እጅ መዞር ከጀመሩ ወዲህ «ይኼ የነፍሰ ገዳይ ተረት የወጣት አእምሮ መመረዣ ነው!» የሚል ፍርድ ያለ ምስክር ይሰጣል። ኧረ ለመሆኑ ማን ሰምቶ፣ ማን መርምሮ ነው የሚፈርደው?

በቅድሚያ ነገሩን እንወቀው። «አይ ሀንት ኪለርስ» በ2012 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ «ጌም» በ2013፣ «ብለድ ኦቭ ማይ ብለድ» በ2014 ተከተሉ። ባለታሪኩ ጃስፐር ዴንት የ17 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ቢሊ ከመቶ በላይ ሰው የገደለ እስረኛ ነው። ሌላው አባት ለልጁ እርሻ ወይም ንግድ እንደሚያሳይ፣ ቢሊ ለልጁ ያሳየው ሰው እንዴት እንደሚታደን፣ ማስረጃም እንዴት እንደሚጠፋ ነው። አባትየው ከተያዘ ከአራት ዓመት በኋላ በዚያችው ትንሽ ከተማ ሬሳ ይገኛል። ልጁ የከተማው ሰው ዓይን ወደ እሱ እንዳይዞር ይፈራል። ከዚያ የባሰው ፍርሃቱ ግን ከራሱ ነው፦ «እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው። እንግዲህ ሦስቱም ቅጾች የሚሟገቱት ከዚህችው አባባል ጋር ነው። ደሙና ሬሳው ያላስነበበውን ሰው ይህ ጥያቄ ያስነብበዋል።

አሁን ወደ ክሶቹ እንሂድ።

አንደኛው ክስ «ጨለማ መጽሐፍ ያበላሻል» ይላል። ይህም ቢሆን የኛ ሰዎች ፈጠራ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር ሜጋን ኮክስ ገርደን የተባሉ ሐያሲ በ«ዎል ስትሪት ጆርናል» ላይ የወጣቶች ልብ ወለድ ከልክ በላይ ጠቁሯል ብለው ጻፉ። ብዙ አንባቢዎች ተቆጡ። ደራሲው ሸርማን አሌክሲም በዚያው ጋዜጣ ላይ መለሰ። የመልሱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነበር፦ ከጨለማው እንጠብቃቸው የምትሏቸው ልጆች ብዙዎቹ ከጨለማው ውስጥ ናቸው፤ መጽሐፉ የሚደርስላቸው ከጉዳቱ በኋላ ነው። እኔም በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፍ ተዘግቶ የጠፋ ክፋት የት አገር ታየ? ሌሊቱን ያላየ ሰው ፋኖስ ምን ያደርግለታል?

ሁለተኛው ክስ ይከብዳል፤ ስለዚህ በጨዋ ደንብ መመለስ ይገባዋል። «ገዳዩን ያነግሠዋል» ይባላል። እውነት ነው፣ ቢሊ ዴንት ከሚገባው በላይ ብልህ ተደርጓል። ፖሊሱን ሁሉ በጣቱ የሚያሽከረክር ሊቅ አስመስሎታል ደራሲው። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ2005 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጉባኤ ላይ ተመሥርቶ ያወጣው ሪፖርት፣ ተከታታይ ገዳዮች ወይ ዕብድ ወይ ሊቅ ናቸው የሚለውን ከአፈ ታሪክ ይቆጥረዋል። ይህን ጉድለት መሸፈን አያስፈልግም፤ የዘመኑ ልብ አንጠልጣይ ድርሰት ሁሉ በሽታ ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ! ቢሊ የሚገድላቸውን ሰዎች «ሰው» ብሎ አይጠራቸውም። እንደ ማዕድን ፈላጊ «የሚቆፈር» አድርጎ ነው የሚጠራቸው። ልጁ ደግሞ የአባቱ ቋንቋ በአፉ እንዳይገባ፣ ሰው ማለት እውነተኛ ፍጡር እንደሆነ ለራሱ ደጋግሞ ይነግራል። ውጊያው ያለው እዚህ ነው። ግድያ ከቢላዋ በፊት በስም ይጀምራል። ሰውን በሌላ ስም መጥራት የለመደ ምላስ እጁን ለማዘዝ አይቸገርም። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ ገዳይን አነገሠ ይባላል እንዴ?

እንግዲህ ወደ ራሳችን ደጅ። እኛ መጽሐፉን «የባዕድ ጉድ» እያልን እናጣጥላለን። በኛ ሰፈር «የቡዳ ልጅ» ተብሎ ጎረቤት የሸሸው የለም? ሲዳር አጥንት ተቆጥሮበት የተመለሰ ጎረምሳ የለም? አባቱ በሠራው ልጁን ማየት፣ አያቱ በነበረበት የልጅ ልጁን መፍረድ ሙያችን ሆኖ የለም? የጃስፐርን ከተማ ለማየት አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የኛ ሰው አባባሉን ሲናገር ምክር የሰጠ ይመስለዋል፤ አባባሉ የወደቀበት ልጅ ግን የሚሰማው ፍርድ ነው። ያው ሪፖርት እንኳ ሰውን ተከታታይ ገዳይ የሚያደርገው አንድ ምክንያት ተለይቶ እንደማይታወቅ ይናገራል። ባለሙያዎቹ ያልደፈሩትን ፍርድ እኛ በቡና ላይ እንሰጠዋለን!

አንድ ቃል ለራሳችን ለአንባቢዎቹም ይሁን። ቢሊ ምን እንዳለ በቃሉ የሚያነበንብ፣ ከሞቱት ግን የአንዷን ስም የማያስታውስ አንባቢ ሞልቷል። እንዲህ ያለው አንባቢ መጽሐፉን በቢሊ ዓይን አንብቦታል። ከሳሾቻችን የሚረቱን እንዲህ ስናነብ ብቻ ነው። ስለዚህ የሟቾቹን ስም ያዙ፤ የልጁን ትግል ተከተሉ፤ የገዳዩን ጥበብ ለገዳዩ ተዉለት።

ለከሳሾች የምንለው አጭር ነው። አንብቡና ክሰሱ። «ዘር ከልጓም ይስባል» የምትሉም ብትሆኑ፣ ልጓሙን ማን እንደያዘው ንገሩን። ይህ ልጅ ልጓሙን የያዘው በራሱ እጅ ነው፤ እጁም እየደማ ይዞታል። መልስ ያለው ብዕሩን ያንሳ፤ ገጹ ክፍት ነው።