ገበያ የሚገባው በእግር ነው

የሐረር ነጋዴ ስለ መንገድ ሲያስብ አስቀድሞ በዓይኑ የሚመጣበት የጭነት መኪናው ነው። ይህም የሚያስነቅፈው አይደለም፤ ሸቀጡ ከድሬዳዋ ወይም ከጅጅጋ በጊዜው ካልደረሰ መደርደሪያው ባዶ ይሆናልና። ነገር ግን ሸቀጡ በመኪና ቢመጣም፣ ገዢው ወደ ሱቁ የሚገባው በእግሩ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ይህን ለመረዳት ማለዳ በፈላና በር አጠገብ ጥቂት ቆሞ መመልከት ይበቃል። ማገዶና አትክልት ተሸክመው ከገጠር የሚመጡ እናቶች፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች፣ የተጫኑ አህዮች፣ ከጁገል ወጥተው ወደ ሥራ የሚቻኮሉ ሰዎች፣ ሁሉም በአንድ ጠባብ በር ይተላለፋሉ። በዚያው ሰዓት ባጃጁ ሰው ለመጫን፣ አይሱዙውም ዕቃ ለማራገፍ ይመጣል። እግረኛው የሚሄድበት ጠርዝ በሸቀጥ ከተያዘበት፣ ወደ መኪናው መንገድ ከመውረድ በቀር ሌላ ምርጫ የለውም።

ጥፋቱ የበሩ አይደለም። የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ጊዜ ሲታነፅ፣ በሮቹ የተለኩት ለሰውና ለጭነት ከብት ነበር። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ስትመዘገብም ከነግንቧና ከነጠባብ መንገዶቿ ነው። ስለዚህ በሩን በመኪና ልክ ማስፋት የማይታሰብ ሲሆን፣ የሚቀረው መኪናው በበሩ ልክ እንዲታረም ማድረግ ነው።

የፍጥነትን ነገር ነጋዴ እንደ ልማዱ በሒሳብ ሊያየው ይችላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ፍሬን ከመያዙ በፊት አንዲት ሰከንድ ቢዘገይ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ30 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ግን 8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመካከሉ ያለው 6 ሜትር ከብዙ ሱቆች ደጃፍ ይሰፋል፤ የአንድ ሕፃን ሕይወት የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው በዚያ ውስጥ ነው። ነጂን የሚያዘገየውም የተተከለ ምልክት ብቻ አይደለም፤ የጠበበ የመኪና መሥመር፣ ከፍ ብሎ የተሠራ ማቋረጫና በቂ የሌሊት መብራት ናቸው።

ይህ የማይሞከር ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የለገሃርና የሰባተኛ መገናኛዎች እንደ ገና ሲቀየሱ፣ ሥራው የተጀመረው በቀለምና በቀላል ዕቃ ነበር። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በተባለው ቀን ዋና ዋና ጎዳናዎች ለእግረኛ ተለቀቁ። በ2016 ዓ.ም. በዚያው ከተማ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ሰፋፊ የእግር መንገዶችን ይዞ ወደ ሌሎች ከተሞች፣ ወደ ሐረርም ደርሷል።

ሆኖም አንዳንድ ባለሱቅ «መኪና ከደጄ ካልቆመ ገዢ ይርቀኛል» ብሎ መስጋቱ አይቀርም። ይህ ሥጋት አዲስ አይደለም። የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሀገን ስትሮየት የተባለውን የገበያ ጎዳናዋን እ.ኤ.አ. በ1962 ለመኪና ስትዘጋ፣ ነጋዴዎቿ «ንግዳችን ሞተ» ብለው አጉረምርመው ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ጎዳናው እስከ ዛሬ ለእግረኛ ብቻ ሆኖ ከአገሪቱ እጅግ የደሩ የገበያ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ በመኪና የሚያልፍ ሰው ሱቅን አያይም፤ በእግሩ የሚሄድ ግን ያያል፣ ይቆማል፣ ዋጋ ይጠይቃል።

ለፈላና በር አካባቢ የሚያስፈልገው እንደ ኮፐንሀገን መኪናን ፈጽሞ መከልከል አይደለም። ጭነት የሚራገፍበት ሰዓት ማለዳ ሕዝብ ከመብዛቱ በፊት ወይም ከምሽት በኋላ ቢወሰን፣ ባጃጅ የሚቆምበት ቦታ ከበሩ አፍ ራቅ ቢል፣ በበሩ ፊት ሰው ያለ ሥጋት የሚሻገርበት ማቋረጫ ቢደላደል ይበቃል። ከገጠር የሚመጡትም ሴቶች እንዳይባረሩ፣ ይልቁንም መንገዱን ሳይዘጉ የሚሸጡበት ሥፍራ ሊለይላቸው ይገባል፤ ገበያውን ገበያ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸውና።

በእርግጥ ይህ ያለ ዋጋ አይገኝም። የጅምላ ነጋዴው ለተሸካሚዎች የማለዳ ወይም የማታ ክፍያ ሊጨምር ይችላል። ባለሱቁም ከደጁ ውጭ የዘረጋውን ጨርቅ፣ የደረደረውን ሳህንና ጆንያ ወደ ውስጥ መመለስ ይኖርበታል። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው ተረት ለእንጀራ ይሠራል እንጂ ለእግረኛ መንገድ አይሠራም፤ ከዚያ ላይ ባለሱቁ አንድ ክንድ በቆረሰ ቁጥር የገዛ ደንበኛውን ወደ መኪና ጎማ ይገፋዋልና።

ስለዚህ ንግዱ ማኅበረሰብ መሐንዲሱ ንድፉን ጨርሶ እስኪያመጣና ቅሬታ እስኪነሣ ድረስ መጠበቅ የለበትም። የማራገፊያውን ሰዓት ራሱ ተስማምቶ ወስኖ፣ ደጁን ራሱ አጽድቶ፣ ሐሳቡን ለከተማው አስተዳደር ቀድሞ ቢያቀርብ፣ መንገዱ በእርሱ ላይ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ይሠራል። ወደ ገበያ የወጣ ሰው በደኅና ወደ ቤቱ መመለሱ ለማንኛውም ነጋዴ ከሁሉ የሚበልጥ ትርፍ ነው፤ በደኅና የተመለሰ ደንበኛ ነገም ይመጣልና።